በጭነት የምትለሰልስ መኪና

ባሌስትራ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። በእጅ የሚወጠረው ሳይሆን እንጨት ላይ ተጋድሞ በቃታ የሚተኮሰው፣ የድሮ ዘመን ፊልሞች ላይ የምናየው ዓይነት። ጋራዥ ውስጥ ከምንጠራቸው ስሞች ብዙዎቹ ከጣልያን የቀሩ ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ ብሎን፣ ላሜራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፣ በየዓመቱ የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር። አብዛኞቹን ስንጠራ ዓይናችን ላይ የሚመጣ ነገር የለም። ባሌስትራ ግን መኪና ስር ተንጋላችሁ ብታዩት እውነትም ቀስት ነው። ረጃጅም ዝርግ ብረቶች አንዱ ካንዱ እያጠረ ተደራርበው፣ ጫፎቻቸው ወደ ላይ ቀና ብለው፣ መሃላቸው አክስሉ ላይ ታስሮ። ፍላጻ የለውም እንጂ ውጥረቱ ያው ነው።

ፍኖተ ሰላም ላደገ ሰው ይህን ለማየት መኪና ስር መግባት አያስፈልግም። ጋሪ አለ። የኛ ከተማ ጋሪ፣ የቡሬም እንደዛው፣ ከተጣለ መኪና በተፈታ አክስልና ጎማ ላይ የሚሠራ ነው፤ ሻል ያለው ደግሞ ባሌስትራ ይኖረዋል። ከዳር እዳር አንድ ድፍን ብረት፣ ሁለት ጎማ፣ በላዩ ሁለት ባሌስትራ፣ በቃ። ግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ቀኙም አብሮ ያዘነብላል፣ ተሳፋሪው እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ፈረሱ ምንም አይመስለውም። ድፍን አክስል የሚባለው ይሄ ነው።

አዲሶቹ መኪኖች ከፊት እንዲህ አይደሉም። እያንዳንዱ የፊት ጎማ የራሱ ክንድ አለው፤ ግራው ጉድጓድ ሲገባ ቀኙ አይሰማም። ክብደቱን የሚሸከመው ወይ ጥምዝምዝ ሞላ ነው፣ ወይ ደግሞ ቶርሽን ባር የሚባል፣ ሲጠመዘዝ መልሶ የሚገፋ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ። አስፋልት ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

አጎቴ አሮጌውን መረጠ። ገንዘብ ከፍሎ፣ የደህና መኪና ብረት አስቆርጦ፣ አዲሱን አስወጥቶ አሮጌውን አስገጠመ። ቡሬ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ግማሹ አበደ አለ። እኔ ያኔ ባሕር ዳር ፖሊ የመካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩና አበደ ከሚሉት ወገን ሆኜ በቀመር የታገዘ ክርክር አቀረብኩ። ጎማና አክስል፣ ማለትም ከሞላው በታች ያለው ብረት በከበደ ቁጥር ጎማው መሬቱን ተከትሎ መሄድ ያቅተዋል። ድፍን አክስል ደግሞ ከነዲፈረንሻሉ እዚያው ታች ነው የተንጠለጠለው። አጎቴ ጨርሼ እስክናገር ጠበቀኝና፣ «እሺ፣ ያንተኛው ሲሰበር ማን ይሠራዋል?» አለኝ። ክርክሬን ዛሬም አልተውኩትም፤ ፊዚክሱ አልተለወጠም። ጥያቄው ግን ፊዚክስ አልነበረም።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። ሲንግል ጋቢና ሂሉክስ ናት፣ ነጭ፣ ፎር ዊል። ከቡሬ ዙሪያና ከወንበርማ ቀበሌዎች በቆሎና በርበሬ ታወጣለች፤ ስትመለስ ማዳበሪያ፣ ጨው፣ ቆርቆሮ፣ ቢራ፣ አንዳንዴም ሙሽራ ትወስዳለች። ሌላ ሥራም አላት፣ ክፍያ የማይጠየቅበት። ገጠር ውስጥ መኪና ያለው ሰው ስልኩን አጥፍቶ አይተኛም። የታመመ፣ የወደቀ፣ የምታምጥ ሴት ሲኖር ይደወላል፤ ደዋዩ ዋጋ አይጠይቅም፣ አጎቴም አይናገርም። ሲመች ሲመች አንድ ማዳበሪያ በቆሎ ይመጣል፣ ወይ ዶሮ፣ ወይ ምርቃት ብቻ።

መንገዱን የማያውቅ ሰው ካርታ አይቶ ምን ያስቸግራል ሊል ይችላል። ከአዲስ አበባ የመጣው አስፋልት ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ማንኩሳ ይደርሳል (ፍቅር እስከ መቃብርን ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን ያውቃታል፣ የበዛብህ አገር ናት)፣ ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር። በዚያ መስመር ላይ ማንኛዋም ሚጢጢ መኪና ትበቃለች። ከአስፋልቱ ወረድ ስትሉ ግን ሌላ አገር ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ በበጋ ዱቄት፣ በክረምት ሳሙና። የጋሪና የትራክተር ጎማ የቆፈረው ቦይ ውስጥ አንዴ ከገባችሁ መውጫውን የሚመርጠው መንገዱ ነው። ትንሹ ጅረት ሁሉ ከሰኔ እስከ መስከረም ወንዝ ነኝ ይላል። በ1933 ዓ.ም. ንጉሡን ይዞ ከሱዳን ድንበር የተነሳው ጦር በቡሬ በኩል ሲመጣ ጭነቱን የተሸከሙለት ግመሎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ። ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ፣ የሚለው ስም የወጣው ያኔ ነው ይባላል። የግመሎቹን አስተያየት የጠየቀ የለም።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ አዲሱ አሠራር መጀመሪያ የሚሸነፈው በጎማ ሽፋኑ ነው። ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያው ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ የጎማ ሽፋን አለው፤ ውስጡ ቅባት ይዟል። አንድ የሾለ ድንጋይ ወይም ጉቶ ይቀደዋል። ቀዳዳው አይታይም፤ ቀይ ጭቃው ግን ያያታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ መኪናዋ በጠመዘዘች ቁጥር ቀጭ ቀጭ ማለት ትጀምራለች። አጎቴ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ለወጠ። ዕቃው ቡሬ የለም፣ ፍኖተ ሰላም የለም፣ ባሕር ዳር አንዳንዴ አለ፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ ኦሪጅናል ይሁን አይሁን አምላክ ነው የሚያውቀው።

ቢሆንም ለጎማ ሽፋን ብሎ ሻንሲ አይቆርጥም ነበር።

ነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። ከሽንዲ ወዲያ ወዳለ አንድ ቀበሌ ዩሪያ አድርሶ ወንዙ ስለሞላ እዚያው አደረ። ሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ላይ እንዳለች፣ ምጡም ከትናንት ወዲያ እንደጀመራት ነገሩት። ወንዙ ጎደል እንዲል ጠብቀው ሊነጋጋ ሲል ፍራሽ አንጥፈው ጫኗት። እናቷና አንዲት ጎረቤት አብረዋት፣ ባሏ ከኋላ ቆሞ። ወንዙን ተሻገሩ። ወደ ላይ ሲወጡ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ የግራ የፊት ጎማ ተኛ። ተኛ ስል እንዳለ ነው፤ የታችኛው ክንድ ጎማውን የሚይዝበት መጋጠሚያ ወልቆ ጎማው እንደ ታመመ ሰው በጎኑ ተዘረጋ።

እንዲህ ስትሆን መኪና መኪና አይደለችም። አትገፋም፣ አትጎተትም፣ በእንጨት አትደገፍም። አምቡላንስም በዚያ ጭቃ ከጠጠር መንገዱ ወዲህ መግባት አይችልም ነበር። ሰው ተጠርቶ ቃሬዛ መጣ። ስምንት ሆነው እየተቀባበሉ ሦስት ሰዓት ያህል ሄዱ። አጎቴ ከስምንቱ አንዱ ነበር። ልጁ አልተረፈም። እሷ ተረፈች።

ይህን የነገረኝ ረዳቱ ነው። አጎቴ ስለዚያ ጠዋት ለኔ አንድም ቀን አውርቶ አያውቅም። የወለቀችውን መጋጠሚያ ግን ጋቢናው ውስጥ፣ መሪው ፊት ለፊት አስቀምጧት አይቻለሁ፤ ከሎሚ የማትበልጥ የብረት ኳስ፣ አንገቷ እንደ አውራ ጣት።

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ወርዶ ከሶማሌ ተራ የአሮጌ ሂሉክስ የፊት አክስል ገዛ። ከነባሌስትራው፣ ከነዲፈረንሻሉ፣ ዝገቱ ሳይቀነስ። አይሱዙ ጭነት ላይ ተጭኖ ቡሬ ሲወርድ ያየ ሰው ሁሉ ለጋሪ የመጣ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ቶዮታን ልከላከል። ፎር ዊል ሂሉክስ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር ከፊቱ ድፍን አክስልና ባሌስትራ ነበረው። ለአሜሪካ ገበያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ቶርሽን ባር አዛወሩት፤ ወደ ሌላው ዓለም፣ አፍሪካን ጨምሮ፣ ባለ ባሌስትራው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት መምጣቱን ቀጠለ። 70 የምንለው የላንድክሩዘር ዘር በ1984 ወጥቶ የከባድ ሥራ ዓይነቶቹ እስከ 1999 ከፊት ባሌስትራ ነበራቸው፤ ከዚያ ወዲህ በጥምዝምዝ ሞላ ተተካ፣ ድፍኑ አክስል ግን እስካሁን አለ። ማለትም የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ነገሩን በአንድ ቀን አልጣሉትም፤ የት እንደሚሸጡት አይተው ነው የወሰኑት። አሜሪካ ውስጥ አጎቴ ያደረገውን ለመዝናኛ የሚያደርጉ አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቋጥኝ ላይ ሊወጡ ቶርሽን ባሩን ቆርጠው አሮጌ አክስል ይገጥማሉ። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ የነሱ ነበር። ለአጎቴ ከፍቼ ሳሳየው ዝም ብሎ አየና፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ጭኖ ነው?» አለኝ። ምንም አልጫነም። ግራ ገባው።

ሥራው የተሠራው ጥር 2010 ዓ.ም. በሴሚስተር እረፍቴ ነው፤ ቡሬ ውስጥ፣ በአንድ ሽማግሌ መካኒክ ግቢ። በደርግ ዘመን በመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲጠሩኝ «ኢንጅነር» ነው፤ ድምፃቸው ውስጥ ግን ሌላ ቃል አለ።

መጀመሪያ አክስሉን ፈቱት። የሂሉክስ ድፍን አክስል ጫፍና ጫፉ ላይ ባዶ የብረት ኳስ አለው፤ ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ ያለው እዚያ ውስጥ፣ በቅባት ተሞልቶ፣ በብረት ተከቦ ነው። የጎማ ሽፋን የሚባል ነገር የለም። ድንጋይ ቢመታው የሚጎዳው ድንጋዩ ነው። ሲከፍቱት ግን ከውስጥ የወጣው ቅባት ሳይሆን ሾርባ ነበር፤ የውስጡ የዘይት ማኅተም አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ፈስሶ ተቀላቅሏል። ጋሼ (እንደዚያ ነበር የምጠራቸው) አሸተቱትና፣ «ይሄ መኪና ውሃ ውስጥ ኖሯል» አሉ። ማኅተሙም ኩሽኔታውም ተለወጠ። እነዚህ ደግሞ ቡሬ ይገኛሉ፤ ልብ በሉ።

ከዚያ መቁረጥ። ሦስት ቀን ፈጀ። የድሮው ክንድ የተያዘባቸው ብረቶች ሁሉ ከሻንሲው ላይ በግራይንደር ተላጩ። አጎቴ ሦስቱንም ቀን ከብየዳ ሠራተኛው ጀርባ አልተነሳም፤ ምክንያቱ የሻንሲ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ በስተቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ብረቱ ላይ ተመትቷል፣ ሊብሬው ላይ ያለውም እሱ ነው። እሷ ቁጥር በእሳት ከተበላች መኪናዋ በሕግ ፊት የለችም፤ ባሌስትራ ያላት መንፈስ ትሆናለች። እርጥብ ጨርቅ ደርበው በላሜራ ሸፈኗት። በኋላ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ መርማሪው መጀመሪያ ያየው እሷን ነው፣ ቀጥሎ ፍሬኑን፣ ቀጥሎ ብየዳውን በመዶሻ እየመታ አዳመጠ። ብዙ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ አሳለፋት።

ባሌስትራ መግጠም ከሩቅ ሲያዩት አራት ጆሮ በይዶ ማንጠልጠል ይመስላል። አይደለም። የፊት ጎማ መሬት ላይ የሚቆምበት ዝንባሌ አለ። የብስክሌት ሹካ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደ ፊት ዘንበል ይላል አይደል? ለዚህ ነው እጃችሁን ስትለቁ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ የሚሄደው። መኪናም እንደዛ ነው። አክስሉ ትንሽ ወደ ኋላ ካላዘነበለ መሪው ጠምዝዛችሁ ስትለቁት አይመለስም፤ መኪናዋ እንደ ሰካራም መንገዱን ታጣራለች። እኔ ስልኬ ላይ የማዕዘን መለኪያ ጭኜ ቀረብኩ። ጋሼ ደግሞ የግንበኛ ቱምቢና ሲባጎ። እሳቸው ከሻንሲው ሁለት ቦታ ቱምቢ ጥለው መሬት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፣ ሲባጎውን ከኋላ አክስል እስከ ፊት አክስል በሰያፍ ወጠሩ፣ ግራና ቀኙን አነጻጸሩ። እኔ ዲግሪ አነበብኩ። እሳቸው «ትንሽ ይጎድለዋል» አሉ፤ ስልኬ አንድ ዲግሪ ተኩል አለ። በባሌስትራውና በአክስሉ መሃል የምትገባ ቀጭን የብረት ሽብልቅ ቶርኖ ቤት ተሠራች። ሁለተኛ ስንለካ ስልኩን አልጠየቁኝም።

የመሪው ዘንግ ከዚህ የባሰ ነበር። ከመሪ ሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ባሌስትራው በሚወርድበትና በሚወጣበት መስመር አብሮ ካልሄደ፣ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መሪው ሳትነኩት ይዞራል። ሁለት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ ተፈታ። ሦስተኛው ላይ ጋሼ ሳጥኑን ከነበረበት አንስተው ወደ ፊት አወጡት። በዚያ ቀን ማንም ሰው አላነጋገሩም፤ ምሳም አልበሉም።

አንድ ነገር ግን እንዳለ ቀረ። አሮጌው አክስል ከመኪናዋ የኋላ አክስል ጠበብ ይላል። ከፊት ስታዩዋት ትከሻዋ ሰፊ፣ እግሯ የተጠጋ ናት። ጭቃ ላይ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ ተከትሎ መሄድ ሲገባው የራሱን አዲስ ቦይ ይቆፍራል፣ ለሞተሩ ድርብ ሥራ። ቶርኖ ቤት የተጠረበ ማስፊያ ጎማው ስር ይገባል ያለ ነበር፤ ጋሼ፣ «ኩሽኔታውን ትበላዋለች» ብለው እምቢ አሉ። ይህ ጉድለት ዛሬም አለ፤ እኔ ባያት ቁጥር ይታየኛል።

በስምንተኛው ቀን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ነዳት። አጠገቡ ነበርኩ። መሪው ተመለሰ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። እና ደበደበችን። ባዶ ነበረች፤ አስፋልቱ ላይ ያለች እያንዳንዷ ስፌት ወገቤ ላይ ተቆጠረች። ማንኩሳ ስንደርስ የጋቢናው መብራት ሽፋን ወደቀ። አጎቴ ይስቅ ነበር።

አያቴ አልሳቀችም። ያን ፋሲካ ለክርስትና ሊወስዳት ገጠር ድረስ ሄዶ ጋቢና አስገባት። ሲደርሱ ወገቧን ይዛ ወረደችና፣ «አንተ ልጅ፣ ይቺን መኪና ምን አስቀየምካት?» አለችው። ስትመለስ በጋሪ እሄዳለሁ ብላ ድርቅ አለች። እሱም ለመናት፣ እሷም በጋሪ ሄደች።

ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ባሌስትራ የሚሠራው ለጭነት ነው። ቶን ሊሸከም የተሠራ ቀስት አንዲት አሮጊት ብትቀመጥበት አይወጠርም፤ እንደ ድንጋይ ቆሞ የመንገዱን ምት ሁሉ ያሳልፋል። የኋላው ባሌስትራ ደግሞ ከፊቱም የደረቀ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ መኪናዋ የተቀየረችው ሰው ይዛ መንገድ እንዳትቀር ነው፣ አሁን ግን የምታምጥ ሴት ቢጭኑባት በየጉድጓዱ ታነጥራታለች። ለኔ ክርክሩ ያለቀ መሰለኝ። ለአጎቴና ለረዳቱ ግን ሌላ ሥራ መጣላቸው።

ዘዴው የረዳቱ ነው። መኪናዋ አራት አምስት ኩንታል ስትጭን እንደምትለሰልስ ሁልጊዜ ያውቀው ነበር፤ ጭነቱ ቀስቱን ይወጥረዋል፣ የተወጠረ ቀስት ደግሞ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ስለዚህ አሁን በሽተኛ ሲጠራቸው ባዶ አይሄዱም። አጎቴ ቤት በር ላይ የማይሸጡ አምስት ጆንያ በቆሎ አሉ፤ ለዘርም አይደሉም፣ ለምግብም አይደሉም፣ ለክብደት ናቸው። ነቀዝ ሲገባቸው ይለወጣሉ። ሌሊት ስልክ ሲጮህ ረዳቱ መጀመሪያ የሚያደርገው እነሱን መጫን ነው። ጆንያዎቹ ከኋላው አክስል ትንሽ ወደ ፊት ይደረደራሉ፣ በላያቸው ገለባ፣ በገለባው ላይ ፍራሽ። የጎማውም ነፋስ ትንሽ ይቀንሳል። ፍጥነት ደግሞ የሰው እርምጃ ነው፣ ከቃሬዛ ብዙም አይሻልም፤ የሚሻለው ሰዎቹ አለመድከማቸው ነው።

ያቺ ሴት በ2012 ዓ.ም. በዚህ ፍራሽ ላይ ሄደች። ክረምት ነበር፣ መንገዱም ያው መንገድ። በዚያው ወንዝ ተሻገሩ፣ በዚያው ዳገት ወጡ። ረዳቱ እንደሚለው አጎቴ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆማትና ወርዶ የግራውን ጎማ አየ። ከዚያ ነዳ። ሴት ልጅ ተወለደች። እናትየው በኋላ ለአያቴ፣ «ምጡስ ምጥ ነው፣ መንገዱ ነው ያማጠኝ» ብላለች አሉ።

ባሌስትራ አይሰበርም እንዳትሉኝ። ይሰበራል። ባለፈው ዓመት ከሽንዲ ሲመለሱ የቀኝ የፊት ሁለተኛው ተሰበረ። ሁለተኛው ስል ከላይ ሲቆጠር ነው፤ አንደኛው ጆሮ ያለው ረጅሙ ነው፣ ከሱ ስር ያለው ሁለተኛው። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከአንድ ገበሬ ጠፍር ለመኑ፣ ቀንበር የሚታሰርበትን። ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ ስብራቱን ከነጎረቤቶቹ ጠቅልለው አሰሩት፣ በሻንሲውና በአክስሉ መሃል የባሕር ዛፍ ጉማጅ ወሸቁ። ጠፍሩ ሲደርቅ እየጠበቀ መጣ። ቡሬ ገቡ። ቁራሹን ጠፍር አጎቴ በአዲስ ተክቶ ለገበሬው መለሰለት።

የተሰበረውን ደግሞ ለብረት ቀጥቃጩ ወሰድነው፤ ከከተማው ዳር፣ አብሬው ሄድኩ። የባሌስትራ ብረት ቀጥቃጮች የሚሽቀዳደሙበት ነው። ፌሮ ማረሻ ቢሆን በሁለት ሳምንት ይታጠፋል፤ ባሌስትራ ግን ከተሳለ ይሰነብታል። ጎጃም የሚያርሰው፣ ቢያንስ እኔ በማውቀው ሠፈር፣ በሞቱ መኪኖች ነው። ግን ደግሞ ያንኑ ቀጥቃጭ ሰው ጎኑ አይቀመጥም፣ ልጁን አያጋባም፣ ዓይኑን ይፈራል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ሠፈራችን ገና አልደረሰም። በጣም የሚገርመኝ ብየዳ ሠራተኛው ነው። እሱም ብረት፣ እሱም እሳት፤ እሱን ግን «ማስተር» እንላለን፣ ሠርግ እንጠራዋለን። ኤሌክትሪክ ቡዳን ያባርራል መሰለኝ።

ቀጥቃጩ ባሌስትራውን ተቀብሎ በጥፍሩ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ። ሁለት ማረሻና አንድ መጥረቢያ ይወጣዋል አለ። ማረሻዎቹ ለሱ፣ መጥረቢያው ለአጎቴ፣ የእጅ ዋጋ የለም። ተስማሙ። ሚስቱ ጠላ ይዛ መጣች፤ አጎቴ መደቡ ላይ ተቀመጠና ጨልጦ አንቅቡን ጽዋ መለሰላት፣ ደገመችው። ቀጥቃጩ መኪናዋን ቁልቁል እያየ በስንት ጊዜ እንደሚሰበር ጠየቀ።

«ምነዋ?» አለ አጎቴ።

«አይ፣ አንደኛው የረዘመ ነው። ሦስት ማረሻ ይወጣዋል።»

«አፍህን ቁረጠው!» አለና ሁለተኛውን ጠላ ጠጣ።